ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራ የጢም መላጫ ብሩሽ አመራረጥ

ጢሙን በምላጭ የሚላጭ ሰው ከምላጩ ቀጥሎ ሊያስብበት የሚገባው ዕቃ አረፋ የሚመታበት ብሩሽ ነው። ጥሩ ብሩሽ ሳሙናውንና ውሃውን አዋህዶ ወፈር ያለ እርጥብ አረፋ ያወጣል፣ የተኛውን ጢም ከቆዳው ላይ ያነሣል፣ አረፋውንም እስከ ጢሙ ሥር ያደርሳል። በጣት የተቀባ ሳሙና ግን ብዙውን ጊዜ ከላይ ከላይ ስለሚቀር ምላጩ በቂ ልስላሴ ባላገኘ ቆዳ ላይ ይሄዳል፤ ከተላጩ በኋላ የሚሰማው መለብለብም ከዚህ ሊመጣ ይችላል።

ይህ መመሪያ የመጀመሪያ ብሩሻቸውን ለሚገዙ፣ እንዲሁም ገዝተው ላልተስማማቸው ሰዎች የተጻፈ ነው። ብዙ ብሩሽ ገዝቼና አስገዝቼ የደረስኩበት ነገር ቢኖር፣ ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ብሩሽ የሚመዘነው በጫፉና በወገቡ መሆኑን ነው። ጫፉ ቆዳዎን የሚነካው ክፍል ሲሆን፣ ወገብ የምለው ደግሞ ብሩሹ ሲጫኑት የሚያሳየውን ጥንካሬ ነው፤ ሳሙናውን ከማስቀመጫው አንሥቶ አረፋ የሚያደርገው ይህ ጥንካሬ ነው። እጀታው፣ ቀለሙና ዋጋው ከእነዚህ ከሁለቱ በኋላ ይታያሉ።

ለምን ሰው ሠራሽ ክር?

የጢም ብሩሽ ለረጅም ዘመን ሲሠራ የኖረው ከእንስሳት ፀጉር ነው። በአውሮፓ እንደ ክቡር ዕቃ የሚታየው ባጀር ከሚባለው እንስሳ ፀጉር የሚሠራው ሲሆን፣ ፀጉሩ በአብዛኛው የሚመጣው ከቻይና ነው። ከእሱ ረከስ የሚለውና በጣሊያን ፀጉር ቤቶች በጣም የተለመደው የአሳማ ፀጉር ብሩሽ ነው፤ ከፈረስ ጋማና ጭራ የሚሠራም አለ። ሁሉም የራሳቸው ወዳጆች አሏቸው፣ እኔም አልነቅፋቸውም። ይሁን እንጂ ለአብዛኛው የአገራችን ሰው ሰው ሠራሹ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያው ምክንያት የእምነት ጉዳይ ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አማኙም፣ ሙስሊሙም፣ ቤተ እስራኤሉም አሳማ አይበላም፤ ብዙ ሰው ደግሞ ከመብላት አልፎ የአሳማ ፀጉር በአፉና በአፍንጫው ዙሪያ እንዲነካው አይወድም። ከርካሾቹ የጢም ብሩሾች ብዙዎቹ የአሳማ ፀጉር ስለሆኑ፣ በአውሮፓም ሆነ በአሜሪካ የሚኖር ወገናችን ሳይጠይቅ ከገዛ ያላሰበውን ይዞ ቤቱ ሊገባ ይችላል።

ሁለተኛው ውሃ ነው። የአሳማ ፀጉር ብሩሽ ከመላጨት በፊት ለጥቂት ደቂቃ መዘፍዘፍ አለበት፤ ካልተዘፈዘፈ ደርቆ ይወጋል። ሠራሹ ክር ግን ራሱ ውሃ ስለማይመጥና ውሃውን የሚይዘው በክሮቹ መካከል ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ ነክረው፣ አራግፈው ወዲያውኑ ሥራ መጀመር ይችላሉ። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ግማሽ ጆግ ውሃ ይዞ ለሚላጭ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ መታጠቢያ ቤቱ ራሱ እርጥበት ሲያዝል፣ የእንስሳ ፀጉር ብሩሽ ሳይደርቅ ሰንብቶ ሊሸት ይችላል፤ ሠራሹ ግን በደንብ ከተራገፈ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይደርቃል።

ሦስተኛው የጽዳት ነገር ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ ከ1914 እስከ 1918 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት፣ በብሪታንያና በአሜሪካ ወታደሮችና ሌሎች ሰዎች ፊታቸውና አንገታቸው ላይ በአባ ሰንጋ ተይዘው ነበር፤ ሲመረመር በሽታው በደንብ ካልጸዳ የእንስሳ ፀጉር ከተሠሩ የጢም ብሩሾች ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ፀጉሩን በወጉ የሚያጸዱ ፋብሪካዎች ስላሉ ይህ ታሪክ ማንንም ሊያስፈራ አይገባም። ሆኖም ሠሪው ያልታወቀ የእንስሳ ፀጉር ብሩሽ እንዲገዙ አልመክርም።

ሠራሽ ብሩሽን የሚንቁ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያስታውሱት የድሮውን ነው፤ በዚያ ደግሞ አልተሳሳቱም። ናይሎን በ1935 እ.ኤ.አ. ዋላስ ካሮዘርስ በሚመራው በአሜሪካው የዱፖን ኩባንያ ቤተ ሙከራ ተሠራ፤ በ1938 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ገበያ የወጣውም የጥርስ ብሩሽ ክር ሆኖ ነው። ወደ ጢም ብሩሽ ሲሻገር ክሩ ወፍራም፣ ጫፉም ድፍን ሆኖ የተቆረጠ ስለነበር ቆዳ ይወጋ ነበር፣ ውሃም በቅጡ አይዝም ነበር። አሁን የምንገዛው ብሩሽ ክር በአብዛኛው ፒቢቲ ከሚባል የፖሊስተር ዓይነት የሚሠራ፣ እጅግ የቀጠነ፣ ጫፉ በኬሚካል እንዲሰልል የተደረገ ነው። የብዙዎቹ ክር በትንሹ ሞገድ እንዲኖረው ስለሚደረግም በክር እና ክር መካከል ውሃና አረፋ የሚያድርበት ክፍተት ይፈጠራል።

ደረጃ 1፦ የራስዎን አላላጭ ይወቁ

ወደ ሱቅ ከመሄድዎ በፊት ሦስት ነገሮችን ለራስዎ ይመልሱ። የመጀመሪያው የሚጠቀሙት ሳሙና ዓይነት ነው። በቱቦ ወይም በብልቃጥ የሚመጣ ክሬም ለማንኛውም ብሩሽ ቀላል ሲሆን፣ ደረቅ ሳሙና ግን ወገብ ያለው ብሩሽ ይፈልጋል፤ ልል የሆነ ብሩሽ በደረቅ ሳሙና ላይ ተኝቶ ይንሸራተታል እንጂ ሳሙናውን አያነሣም። ከጣሳ ተነፍቶ የሚወጣ አረፋ ወይም ጄል የሚጠቀሙ ከሆነ አረፋው ተዘጋጅቶ ስለሚመጣ ብሩሽ ግድ አያስፈልግዎትም።

ሁለተኛው አረፋውን የሚመቱበት ቦታ ነው። በጎድጓዳ ሳህን ወይም በሰፊ ስኒ ውስጥ የሚመቱ ከሆነ ረዘምና ለስለስ ያለ ብሩሽ ይበቃዎታል። በቀጥታ ፊትዎ ላይ የሚመቱ ከሆነ ግን አጠር ያለና ጥቅጥቅ ያለ ብሩሽ ይሻላል፤ ረጅሙ ፊት ላይ እየተንጋደደ አረፋውን ወደ ጆሮና ወደ አንገትጌ ይወስደዋልና።

ሦስተኛው፣ ለእኛ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው፣ የጢምዎና የቆዳዎ ጠባይ ነው። የተጠቀለለ ጢም ያለን ሰዎች የተላጨው ፀጉር ተመልሶ ቆዳ ውስጥ እየገባ በአንገትና በአገጭ ሥር የሚያሳክክ እብጠት ሲፈጥር እናውቀዋለን። ለስላሳ ብሩሽ በዝግታ በክብ ሲዞር የተኛውን ጢም ስለሚያነሣና ስለሚያለሰልስ ምላጩ ሥራውን ሳይጫን እንዲሠራ ይረዳል፤ ሻካራ ብሩሽ ግን የቆሰለውን ቆዳ የበለጠ ያቆስላል። ስለዚህ ይህ ችግር ያለበት ሰው የጫፍ ልስላሴን ከሁሉ ነገር ማስቀደም ይኖርበታል። ብሩሹ ይህን ችግር ያድናል ማለቴ ግን አይደለም፤ ጢምን በበቀለበት አቅጣጫ መላጨት፣ አንዱን ቦታ ደጋግሞ አለመላጨት፣ እብጠቱ መግል ከያዘም መላጨትን አቁሞ ሐኪም ማማከር የግድ ነው።

ደረጃ 2፦ ጫፉን ይፈትኑ

የሠራሽ ብሩሽ አንድ ትልቅ ጥቅም ሱቅ ውስጥ በደረቁ ቢፈተን እውነቱን መናገሩ ነው። የአሳማ ፀጉር ደረቅ ሲሆን ሻካራ፣ ሲርስ ለስላሳ ስለሆነ በደረቁ ዳስሰው ሊፈርዱበት አይችሉም። የፒቢቲ ክር ግን ውሃ ስለማይመጥ ደረቅ ሳለ የወጋ ብሩሽ ርሶም ይወጋል፣ ደረቅ ሳለ የለሰለሰም ርሶ ይለሰልሳል።

ብሩሹን በእጀታው ይያዙና ጫፉን በክንድዎ ውስጠኛ ክፍል፣ ከእጅ አንጓ ከፍ ብሎ ባለው ስስ ቆዳ ላይ ቀጥ አድርገው ያሳርፉት። ሳይጫኑ እዚያው ላይ ሦስትና አራት ጊዜ በክብ ያዙሩት። የሚሰማዎት ለስላሳ ጨርቅ እንደነካዎት ዓይነት ከሆነ ጫፉ ጥሩ ነው፤ ጥቃቅን መርፌዎች የነኩዎት ዓይነት ስሜት ካለ ግን የክሩ ጫፍ አልሰለለም ወይም ተቆርጧል ማለት ነው። ቀጥለው ጫፉን ወደ ብርሃን አቅርበው በጎን በኩል ይመልከቱት። በደንብ የተሠራ ክር ወደ ጫፉ ሲቃረብ እየቀጠነ ሄዶ ዓይን ሊለየው እስኪቸግር ይጠፋል፤ ያልተሠራው ደግሞ እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት ውፍረት ይዞ ድንገት ያበቃል። ማንኛውም ሻጭ ይህን እንዲያደርጉ ሊፈቅድ ይገባል፤ ታሽጎ ካልተከፈተ የማይታይ ብሩሽ ከሆነ የመመለስ መብትዎን አስቀድመው ይጠይቁ።

ቀለም አያታልልዎት። ብዙ ሠራሽ ብሩሾች የባጀርን ፀጉር እንዲመስሉ መሀላቸው ጠቆር፣ ጫፋቸው ነጣ ተደርጎ ይቀለማሉ፤ ሌሎቹ ሥራቸው ጥቁር፣ ጫፋቸው ነጭ ይሆናል። ይህ ለዓይን እንጂ ለቆዳ የሚጨምረው ነገር የለም። በንግዱ ውስጥ ፕሊሶፍት፣ ታክሲዶ፣ ካሽሚር እየተባሉ የሚጠሩ የክር ዓይነቶች አሉ፤ ስሞቹን ማወቅ ሲጠይቁ ይጠቅምዎታል፣ ነገር ግን በአንድ ስም የሚሸጥ ክር ከሠሪ ሠሪ ስለሚለያይ ስም ሰምተው ብቻ እንዳይወስኑ።

ደረጃ 3፦ ወገቡን ይለኩ

አብዛኛው ገዢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ልስላሴን ብቻ ሲፈልግ ወገቡን ይረሳል። አንድ ጊዜ ሁለት ብሩሾቼን ይዤ ወደምስተካከልበት ፀጉር ቤት ሄድኩና ወጣቱን ፀጉር አስተካካይ በግራና በቀኝ ጉንጬ በየተራ እንዲሞክራቸው ጠየቅሁት። ሁለቱንም ሞክሮ ሲያበቃ አንደኛውን ከፍ አድርጎ አሳየኝና፣ «ጋሼ፣ ይሄኛው ፊት ላይ እንደ ጥጥ ነው፤ ሳሙናው ላይ ግን ይተኛል» አለኝ። በተራዘመ ማብራሪያ ልነግራችሁ የምፈልገውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሶታል።

ወገብን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የቋጠሮው ስፋት፣ የክሩ ቁመትና የክሩ ጥቅጥቅነት። ቋጠሮ የምንለው ክሮቹ በአንድነት ታስረውና በሙጫ ተጣብቀው እጀታው ውስጥ የሚገቡበት ሥር ነው። ስፋቱ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ 24 ሚሊሜትር ለአብዛኛው ሰው ፊት ይስማማል። ቁመቱ የሚለካው ክሩ ከእጀታው ከሚወጣበት ቦታ እስከ ጫፉ ድረስ ሲሆን፣ ከ45 እስከ 60 ሚሊሜትር ያለው የተለመደ ነው። በኪስዎ የተማሪ ማስመሪያ ይዘው ቢሄዱ ሁለቱንም በአንድ ደቂቃ ይለኩታል።

አሁን ቁመቱን ለስፋቱ ያካፍሉት። ውጤቱ 2 አካባቢ ከሆነ፣ ለምሳሌ 24 ሚሊሜትር ስፋትና 50 ሚሊሜትር ቁመት ከሆነ፣ ብሩሹ ወገብ ይኖረዋል፤ ለደረቅ ሳሙናና ፊት ላይ ለመምታት ይሆናል። ወደ 2.4 ወይም ከዚያ በላይ ከወጣ ልል ይሆናል፤ ለክሬምና ለሳህን እንጂ ለደረቅ ሳሙና አይመችም። ምክንያቱን ለማየት አንድ ቀጭን አርጩሜ ከጫፉ አጠገብ ይዘው ጫፉን በጣትዎ ይግፉት፣ ከዚያ ከጫፉ ራቅ አድርገው ይዘው እንደገና ይግፉት፤ የራቀው በቀላሉ ይታጠፋል። የክርም ጠባይ እንዲሁ ነው፤ መታጠፉ የሚያድገው በርዝመቱ ልክ ሳይሆን ርዝመቱ ሦስት ጊዜ በራሱ በተባዛበት ልክ ስለሆነ፣ አንድ ዓይነት ክር ከ50 ወደ 60 ሚሊሜትር ቢረዝም በተመሳሳይ ግፊት የሚታጠፈው ወደ 1.7 እጥፍ ነው። ስለዚህ ወረቀት ላይ ትንሽ የሚመስለው የ10 ሚሊሜትር ልዩነት እጅ ላይ ሌላ ብሩሽ ያደርገዋል።

ጥቅጥቅነትን በማስመሪያ መለካት አይቻልም፣ በመዳፍ ግን ይታወቃል። ብሩሹን በግራ መዳፍዎ ላይ ቀጥ አድርገው ያቁሙና ክሩ ግማሽ ቁመቱ እስኪታጠፍ ድረስ ቀስ ብለው ይጫኑት። ክሮቹ ዙሪያውን እኩል ሲከፈቱ፣ መሀሉም ሳይጎረብጥ መዳፍዎን ሲሞላው ጥሩ ነው። መሀሉ እንደ ቦምቦሊኖ ባዶ ሆኖ ክሩ ወደ ዳር ብቻ ከሸሸ፣ ፊት ላይም አረፋውን ወደ ዳር እየገፋ መሀሉን ባዶ ይተወዋል። አሁን ግፊቱን በድንገት ይልቀቁት። ሠራሽ ክር በተፈጥሮው እንደ ስፕሪንግ ይመለሳል፤ መጠነኛ ሲሆን ደስ ይላል፣ ሲበዛ ግን ብሩሹ አረፋ እየረጨ መስታወቱንና ሸሚዝዎን ያበላሻል። በአንድ ምት ተመልሶ የሚቆመውን ሳይሆን በትንሹ ዘግየት ብሎ የሚነሣውን እመርጣለሁ።

የጫፉ ቅርጽም ከወገብ ጋር ይያያዛል። አንዳንዱ ብሩሽ እንደ አምፖል ጫፉ ሞልቶ የከበበ ነው፣ ሌላው እንደ ማራገቢያ ወደ ዳር የተከፈተ ነው። የከበበው ፊት ላይ አንድ ቦታን ለይቶ ለመድረስ፣ በተለይም በአፍንጫ ሥርና በከንፈር ዳር፣ ይመቻል፤ የተከፈተው በአንድ ጊዜ ሰፊ ቦታ ይቀባል። ሁለቱም ይሠራሉ፣ ስለዚህ ከጫፍና ከወገብ በላይ አያስጨንቅዎት።

ከ26 ሚሊሜትር በላይ የሆነ ቋጠሮ የሚያምር ቢሆንም ብዙ አረፋ በሆዱ ይዞ ይቀራል፤ ሳሙናም ያስጨርሳል። ጠባብ ፊት ያለው ወይም ጢሙን በየቀኑ የሚላጭ ሰው ከ22 እስከ 24 ሚሊሜትር ባለው ቢወሰን አይጸጸትም።

ደረጃ 4፦ ክሩ በእርግጥ ሠራሽ መሆኑን ያረጋግጡ

የመጀመሪያውን ብሩሼን የገዛሁት ከአንድ ሱቅ ሲሆን ሻጩ «ሠራሽ ነው» ብሎ አረጋግጦልኝ ነበር። ቤት ወስጄ በሙቅ ውሃ ስነክረው የረጠበ እንስሳ ሽታ መታጠቢያ ቤቱን ሞላው፤ በሁለተኛው ቀን ደግሞ አረፋው ውስጥ ሰባትና ስምንት ፀጉር አገኘሁ። ያን ጊዜ ያደረግሁትን ፈተና ለእርስዎም እመክራለሁ።

ከብሩሹ የረገፈ አንድ ክር በወረንጦ ይያዙና ከሚቀጣጠል ነገር ሁሉ ርቀው፣ እጅ መታጠቢያው ላይ ሆነው በክብሪት ይለኩሱት። የእንስሳ ፀጉር ከሆነ ወዲያው ተኮማትሮ የተቃጠለ ፀጉር ሽታ ይሰጣል፣ የሚቀረውም በጣት ሲያሹት የሚደቅ አመድ ነው። ሠራሽ ክር ከሆነ ግን ይቀልጣል፣ ጫፉ ላይም ሲቀዘቅዝ የሚጠነክር ትንሽ ጠብታ ይሠራል፤ ጠብታው እስኪቀዘቅዝ አይንኩት፣ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። የእኔው አመድ ሆነ። ሱቅ ውስጥ ይህን ማድረግ ስለማይቻል፣ እዚያ ሳሉ ጫፉን በቅርብ ይመልከቱ፤ የአሳማ ፀጉር ጫፉ ለሁለትና ለሦስት የመሰንጠቅ ጠባይ አለው፣ ሠራሽ ክር ግን አንድ ሆኖ ያበቃል።

በዚሁ ጊዜ ቋጠሮው እጀታው ውስጥ የገባበትን ቦታ ይመርምሩ። ክሩ ከእጀታው አፍ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ዙሪያውን እኩል መሆን አለበት፤ በአንድ በኩል ክፍተት ካለ ወይም ሙጫው ፈስሶ ክሮቹን ከሥራቸው ካጣበቀ፣ ውሃ እየገባ ቋጠሮውን ውሎ አድሮ ያላቅቀዋል። ክሮቹን በሁለት ጣት ይዘው ቀስ ብለው ይሳቡ። አንድ ሁለት ክር ቢወጣ አዲስ ብሩሽ ነውና ይታለፋል፤ በእያንዳንዱ ስበት የሚወጣ ከሆነ ይተዉት።

ደረጃ 5፦ እጀታው

እጀታን በተመለከተ ሊጠይቁ የሚገባው አንድ ነገር በሳሙና የረጠበ እጅ ይይዘዋል ወይ የሚለው ነው። ከሬዚን (ከጠንካራ ፕላስቲክ መሰል ነገር) የተሠራ እጀታ ውሃ አይጎዳውም፣ ክብደቱም መጠነኛ ነው፤ ለመጀመሪያ ብሩሽ እሱን እመክራለሁ። የእንጨት እጀታ በደንብ ካልተቀባ ውሃ ስቦ ይሰነጠቃል። የብረት እጀታ ክብደቱ ብሩሹን አስተካክሎ ሊያቆመው ይችላል፣ ሲረጥብ ግን ስለሚያንሸራትት መሀሉ ላይ ገባ ያለ ወይም የተቦረቦረ መያዣ ያለውን ይምረጡ። ቁመቱ 50 ሚሊሜትር ገደማ ቢሆን ለሦስት ጣት ይበቃል። ጠረጴዛ ላይ አቁመው በጣት ገፋ ያድርጉት፤ በትንሹ የሚወድቅ ከሆነ እርጥብ መደርደሪያ ላይም ይወድቃል።

ደረጃ 6፦ ሠሪና ዋጋ

ከጀርመን ሳክሶኒ፣ ሽቱትሰንግሩን ከምትባል ቦታ የሚሠራውና ከ1945 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ሙሌ የተባለው ብሩሽ ሠሪ ሲልቨርቲፕ ፋይበር በሚለው ሠራሽ ክሩ ይታወቃል። በ1931 እ.ኤ.አ. በጣሊያን ቦሎኛ የተቋቋመው ኦሜጋ በአሳማ ፀጉር ብሩሽ ስሙ የገነነ ሲሆን፣ አሁን ሠራሽም ያወጣል፤ ስለዚህ የእሱን ሲገዙ የትኛው እንደሆነ ሳጥኑ ላይ ያንብቡ። ያቺ (Yaqi) የሚባለው የቻይና ሠሪ ደግሞ በርካሽ ዋጋ ብዙ ዓይነት ቋጠሮ ያቀርባል። ከ10 እስከ 25 ዶላር ባለው ዋጋ ለዓመታት የሚያገለግል ሠራሽ ብሩሽ ይገኛል፤ ከዚያ በላይ የሚከፈለው ብዙውን ጊዜ ለእጀታውና ለስሙ ነው። አሜሪካ ወይም ዱባይ ያለ ዘመድ እንዲያመጣልዎ ሲያዙ የምርት ስም ብቻ ነግረው አይተዉት፤ የቋጠሮውን ስፋት፣ የክሩን ቁመትና «የእንስሳ ፀጉር እንዳይሆን» የሚለውን ጽፈው ይላኩለት። በኢንተርኔት የሚገዙ ከሆነ ሁለቱን ልኬቶች ያልጻፈ ሻጭን ጠይቁት፤ የማይመልስ ከሆነ ሌላ ይፈልጉ።

ደረጃ 7፦ የመጀመሪያው ሳምንት

ሠራሽ ብሩሽ እስኪለማመዱት ሳምንታት መጠበቅ አያስፈልገውም፤ በመጀመሪያው ቀን ያሳየውን ጠባይ ሁልጊዜ ያሳያል። ስለዚህ ፈተናውን የመመለሻው ቀን ሳያልፍ ያጠናቅቁ።

መጀመሪያ በለብ ያለ ውሃና በትንሽ የዕቃ ሳሙና ያጥቡትና ከፋብሪካ የመጣውን ሽታ ያስወግዱ። የፈላ ውሃ በጭራሽ አይጠቀሙ። እጅዎ ከሚችለው በላይ የሚሞቅ ውሃ የክሩን ሞገድና ሙጫውን ሊያዳክም ይችላል፤ አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ከባሕር ጠረፍ ከተሞች ይልቅ ቀዝቀዝ ይላል ብሎ የሚያስብ ካለ፣ ይህም ለብሩሹ እጅግ ብዙ ነው።

ጫፉን ነክረው ሁለት ጊዜ በጥብቅ ያራግፉት። ሠራሽ ብሩሽ የያዘውን ውሃ ባንድ ጊዜ ስለሚለቅ፣ ሳያራግፉ ከጀመሩ ሳሙናው ይቀጥንና አረፋው ይፈስሳል፤ «ሠራሽ ብሩሽ አረፋ አያወጣም» የሚሉ ሰዎች ስሕተት አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። የባቄላ ፍሬ የምታህል ክሬም ሳህኑ ውስጥ ያስቀምጡ፣ ወይም በደረቅ ሳሙና ላይ ለ20 ሰከንድ ያህል ያዙሩት። ከዚያ ውሃ በጣትዎ ጠብ ጠብ እያደረጉ ይምቱት። አረፋው ሳይፈስስ ሲያብረቀርቅና ብሩሹን ሲያነሡት ጫፉ ጎንበስ ብሎ ሲቆም ደርሷል።

በሦስት ቀን ውስጥ ሦስት ነገር ይመልከቱ። ክር መርገፉ በየቀኑ እየቀነሰ ነው ወይስ እየጨመረ? ለአንድ ጊዜ የመቱት አረፋ ፊትዎን ሁለት ጊዜ ለመቀባት ይበቃል? ከተላጩ በኋላ በአንገትዎ ላይ የሚሰማው ስሜት ከድሮው ይሻላል? መርገፉ ከጨመረ ብሩሹን ይመልሱ፣ ጉድለቱ ከቋጠሮው ነው። አረፋው ካልበቃ ግን ወዲያው አይመልሱት፤ በመጀመሪያ ሌላ ሳሙና ይሞክሩ፣ ልል ብሩሽ በደረቅ ሳሙና ቢሰንፍም በክሬም ሊያስደስትዎ ይችላል። አንገትዎን ካሳከከ ደግሞ ብሩሹን ቀለል አድርገው ይዘው፣ ጫፉ ብቻ እንዲነካ አድርገው አንድ ቀን ይሞክሩ፤ ያም ሆኖ ከወጋ ጫፉ ነውና ብሩሹን ይለውጡት።

ፀጉር ቤት ላላቸው አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ብሩሽ ከደንበኛ ወደ ደንበኛ ሳይታጠብና በፀረ ተሕዋስያን ሳይጸዳ መዞር የለበትም፤ የቆዳ ቁስልና የጢም ጭርት ሊተላለፍ የሚችለው እንዲህ ነው። ሠራሹ በየጊዜው መታጠብን ከእንስሳ ፀጉር ይልቅ ስለሚችል፣ ርካሽ የሆኑ አራትና አምስት ብሩሾች ገዝቶ በየተራ ማጠብና ማድረቅ አንድ ውድ ብሩሽ ከመግዛት ይመረጣል። ከእያንዳንዱ ሰው በኋላ በሳሙና አጥበው፣ በፀረ ተሕዋስያኑ መመሪያ በተጻፈው ልክና ጊዜ ነክረው፣ አለቅልቀውና አራግፈው ጫፉን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች አድርገው ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ያቁሙት፤ ለሠራሽ ክር የትኛውም አቀማመጥ ልዩነት የለውም፣ በተዘጋ መሳቢያ ውስጥ እርጥቡን አለማስገባት ብቻ ነው።